ድንጋዩና ቃሉ፦ ከዱኮቦሮች የሙዚየም መንደር ለእኛ የሚሆን ትምህርት



ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ የሚጓዝ ሰው ከተማዋ ሳይደርስ በሶዶ ምድር ጢያን ያገኛል። እዚያ 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፤ ከእነዚህ 32ቱ ልዩ ልዩ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። በብዙዎቹ ላይ የሰይፍ ምስል ይታያል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ቁፋሮ ያካሄዱ ባለሙያዎችም በስፍራው መቃብሮች አግኝተዋል። ይሁን እንጂ የአብዛኞቹ ቅርጾች ትርጉም እስከ ዛሬ አልተፈታም። ያንን ድንጋይ ጠርቦ ያቆመው አባት ለልጁ ምን ብሎ እንደ ነገረው የሚያውቅ ሰው በመካከላችን የለም። ድንጋዩ ቀረ፤ ቃሉ ግን ጠፋ።

መጽሐፍ ቅዱስም ስለ ቆሙ ድንጋዮች ይነግረናል። በኢያሱ ምዕራፍ 4 እስራኤል ዮርዳኖስን ከተሻገሩ በኋላ 12 ድንጋዮች ከወንዙ መካከል አውጥተው በጌልገላ እንዲያቆሙ ታዘዙ። ትእዛዙ ግን በድንጋዩ አላበቃም። ልጆች አንድ ቀን ይጠይቃሉ፤ ያን ጊዜ አባቶች መልስ መስጠት አለባቸው። እግዚአብሔር ድንጋዩን ለዓይን፣ መልሱን ለጆሮ ሰጠ። አንዱ ከሌላው ሲለይ ምን እንደሚሆን ጢያ ታስተምረናለች።

በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ጉዳይ ከእኛ እጅግ በራቀ ሕዝብ ታሪክ በኩል ልንመለከተው ወደድን። ሕዝቡ ዱኮቦር ይባላል። ከሩሲያ ተሰድዶ በካናዳ የሰፈረ፣ ስለ እምነቱ ብዙ መከራ የተቀበለ የገበሬ ማኅበረሰብ ነው። ዛሬ ታሪኩን የሚያስታውስ የሙዚየም መንደር በካናዳ ሜዳ ላይ ቆሞለታል። በትምህርት ከእነርሱ ጋር የማንስማማበት ብዙ ነገር አለ፤ እርሱንም አንሸፍንም። ነገር ግን በወልቂጤና በቡታጅራ ለምንገኝ አማኞች የሚናገሩት ትልቅ ቁም ነገር አላቸው ብለን እናምናለን።

ከተሳዳቢ የተቀበሉት ስም

ዱኮቦሮች በ18ኛው መቶ ዘመን በሩሲያ ገበሬዎች መካከል የተነሡ ናቸው። እግዚአብሔር በሰው ልብ ውስጥ ያድራል ብለው ያምኑ ነበር። ከዚህም የተነሣ ካህን፣ ሥዕልና የተለየ የቤተ መቅደስ ሕንጻ አያስፈልግም አሉ። ለአምልኮ ሲሰበሰቡ በሌላው ውስጥ ያለውን አምላክ ለማክበር እርስ በርሳቸው ዝቅ ብለው ይሰግዱ ነበር። እግዚአብሔር በሰው ሁሉ ውስጥ ካለ ሰውን መግደል አይቻልም የሚለው ጽኑ አቋማቸውም የመጣው ከዚሁ ነው።

ስሙን ያወጡት እነርሱ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1785 አምብሮስዮስ የተባለ የሩሲያ ሊቀ ጳጳስ “መንፈስን የሚታገሉ” ሲል ሰየማቸው። መንፈስ ቅዱስን ይቃወማሉ ለማለት ነበር። እነርሱ ግን ስድቡን ተቀብለው ትርጉሙን ለወጡት። እኛ የምንታገለው ከመንፈስ ጋር ሆነን ነው፤ መሣሪያችንም ሰይፍ ሳይሆን የመንፈስ ኃይል ነው አሉ። ይህ ለኢትዮጵያ ወንጌላውያን እንግዳ ነገር አይደለም። “ጴንጤ” የሚለው ቃል በመንደሩና በትምህርት ቤቱ ለመናቂያ ይወረወር የነበረበትን ዘመን የሚያስታውሱ ብዙዎች ናቸው። ዛሬ ልጆቻችን ያንኑ ቃል ሳያፍሩ ስለ ራሳቸው ይናገሩበታል።

ቀዳማዊ አሌክሳንደር እ.ኤ.አ. በ1802 በአዞቭ ባሕር አጠገብ በሞሎችና ወንዝ ዳር እንዲሰፍሩ ፈቀደላቸው። እዚያ አርሰው፣ ከብት አርብተው በለጸጉ። ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ ግን ዘመኑ ተለወጠ። ቀዳማዊ ኒኮላስ ወደ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ካልተመለሳችሁ ምድሩን ልቀቁ አላቸው። እ.ኤ.አ. ከ1841 እስከ 1845 ባሉት ዓመታት በሺህ የሚቆጠሩት ወደ ካውካሰስ ተራሮች ተጋዙ። በዛሬይቱ ጆርጂያ በብርዳማው ደጋ እንደገና ከባዶ ጀመሩ።

መሣሪያ የነደደበት ሌሊት

እ.ኤ.አ. በ1887 የውትድርና ግዴታ በካውካሰስም ታወጀ። በዚያው ዓመት መሪያቸው ፒተር ቬሪጊን ተይዞ ተጋዘ። እርሱም ከግዞት ወደ ሕዝቡ መልእክት ላከ፦ መሣሪያ አትያዙ፣ መሐላ አትማሉ፣ ያላችሁንም የጦር መሣሪያ አጥፉ። እ.ኤ.አ. በ1895 በትንሣኤ በዓል ቀን ማትቬይ ሌቤዴቭ የተባለ ወታደርና ጓደኞቹ ጠመንጃቸውን ለአለቆቻቸው መለሱ። ወደ ቅጣት ጦር ተላኩ፤ ተገረፉም።

ከዚያ በኋላ በሰኔ ወር መጨረሻ፣ በጴጥሮስና በጳውሎስ በዓል ዋዜማ ሌሊት፣ ዱኮቦሮች በሦስት የተለያዩ ስፍራዎች ተሰበሰቡ። ጠመንጃቸውን፣ ሰይፋቸውንና ጩቤያቸውን በእንጨትና በከሰል ላይ ከምረው እሳት ለኮሱበት። በእሳቱ ዙሪያ ቆመው መዝሙር ዘመሩ። በካውካሰስ ተራራ ለሚኖር ገበሬ መሣሪያ ከሽፍታና ከአውሬ መከላከያው፣ የወንድነቱም ክብር ነበር። የእኛ አገር ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በጢያ ድንጋዮች ላይ እንኳ የተቀረጸው ሰይፍ ነው።

የመንግሥቱ መልስ ጨካኝ ነበር። ፈረሰኛ ኮሳኮች በጅራፍ ደበደቧቸው። ከ4 ሺህ በላይ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቅለው፣ መሬት ሳይሰጣቸው በጆርጂያ መንደሮች ተበተኑ። በረሃብና በበሽታ በመቶ የሚቆጠሩ ሞቱ።

ይህ ወሬ ደራሲው ሊዮ ቶልስቶይ ዘንድ ደረሰ። ቶልስቶይ ወደ ውጭ አገር ጋዜጦች ጻፈ፤ “ትንሣኤ” የተባለውን ልብ ወለዱን አጠናቅቆም ገቢውን ለስደታቸው ሰጠ። በእንግሊዝ ያሉ ኩዌከሮችም ገንዘብ አዋጡ። የካናዳ መንግሥት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1898 ከውትድርና ነጻ እንደሚሆኑ ፈቀደ። እ.ኤ.አ. በጥር 1899 የመጀመሪያዋ መርከብ ከ2 ሺህ በላይ ሰዎችን ይዛ ከባቱም ወደብ ወደ ሃሊፋክስ ደረሰች። በዚያ ዓመት በጠቅላላው ወደ 7,500 የሚጠጉ ዱኮቦሮች ካናዳ ገቡ።

ሰፊ መንገድ ያለው መንደር

መንግሥት የሰጣቸው መሬት በኋላ ሳስካችዋን በተባለው ክፍለ አገር የሚገኝ ሜዳ ነበር። በጋራ ሠርተው በጋራ ለመብላት ተስማሙ። መንደራቸውን የሠሩት አንድ ሰፊ መንገድ በመካከል አድርገው፣ ቤቶችን በግራና በቀኝ በመስመር በመደርደር ነው። ይህን ስናነብ የጉራጌ መንደር በዓይናችን መጣ። አባቶቻችን ጀፎረ የሚሉት ሰፊ ሣር የለበሰ መንገድ በቤቶች መካከል ያልፋል፤ ልቅሶውም፣ ሠርጉም፣ ጨዋታውም፣ ሽምግልናውም እዚያው ነው። ጀፎረን ማንም ቆርሶ የግሉ አያደርገውም። ሩቅ ያሉ ሁለት ሕዝቦች ሳይተዋወቁ አንድ ነገር አወቁ፦ አብሮ የሚኖር ሕዝብ የጋራ መንገድ ያስፈልገዋል።

የመጀመሪያው ዓመት ከባድ ነበር። ወንዶቹ ገንዘብ ለማግኘት የባቡር ሐዲድ ሥራ ሄዱ። የእርሻ ከብት አይበቃም ነበርና ሴቶቹ ተሰልፈው ሞፈር ጎተቱ። በዚያ ጊዜ የተነሣው ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ በካናዳ የታሪክ መጻሕፍት ይታያል። እንሰት ፍቀው፣ ቆጮ አዘጋጅተው ቤት ላቆሙ እናቶቻችን ይህ ምስል ባዕድ አይሆንባቸውም።

ዕረፍቱ ግን አልቆየም። የካናዳ ሕግ መሬት በየግለሰቡ ስም እንዲመዘገብና ባለቤቱም ለንጉሡ ታማኝ ሊሆን እንዲምል ጠየቀ። ብዙዎቹ አንምልም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1907 መንግሥት ያለሙትን መሬት አብዛኛውን ወሰደባቸው። ከዓመት በኋላ ከግዞት ተፈትቶ የመጣው ቬሪጊን ሺዎችን እየመራ በስተምዕራብ ወደ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ተጓዘ። እዚያ በገንዘባቸው መሬት ገዝተው ፍራፍሬ ተከሉ፤ የማርማላታ ፋብሪካ አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ1924 ቬሪጊን የተሳፈረበት ባቡር ፈንድቶ ሞተ። ገዳዩ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

በሳስካችዋን በመሪያቸው ስም በተጠራችው በቬሪጊን መንደር እ.ኤ.አ. በ1917 የተሠራ ባለ ሁለት ፎቅ የጸሎት ቤት አለ። ዙሪያውን በረንዳ አለው፤ በረንዳውም በቆርቆሮ ጌጥ የተዋበ ነው። ብሔራዊ የዱኮቦር ቅርስ መንደር የተባለው ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1980 የተከፈተው በዚህ ቤት ዙሪያ ነው። የጸሎት ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2006 በካናዳ ብሔራዊ ታሪካዊ ስፍራ ተብሎ ተሰየመ። ጎብኚ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤቱን፣ የአንጥረኛውን ቤት፣ ጎተራውን፣ ትልቁን የዳቦ ምድጃና የሽመና ዕቃውን ያያል። በግቢው የቶልስቶይ ሐውልት ቆሟል። በጸሎት አዳራሹ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ነገሮች ይቀመጣሉ፦ ዳቦ፣ ጨውና ውኃ። ለእነርሱ የመስተንግዶና የቀላል ኑሮ ምልክት ናቸው።

ቤቱ ተጠብቋል። ሕዝቡ ግን ተመናምኗል። በካናዳ የሕዝብ ቆጠራ እ.ኤ.አ. በ2001 ሃይማኖቴ ዱኮቦር ነው ያሉት ወደ 3,800 ነበሩ፤ በ2021 ግን ከ2 ሺህ በታች ሆነዋል። የዘር ተወላጆቻቸው በአስር ሺዎች ይቆጠራሉ። ልጆቹ አሉ፤ በሩሲያኛ የሚዘመረውን መዝሙር የሚያውቁት ግን ጥቂት ናቸው። ይህ ቁጥር ለእኛ የሌላ ሕዝብ ስታቲስቲክስ ብቻ አይደለም። እምነት በውርስ ብቻ እንደማይተላለፍ የሚመሰክር ነው።

ያልተጻፈው መጽሐፍ

አሁን ከእነርሱ ወደምንለይበት ነገር እንምጣ። ዱኮቦሮች “ሕያው መጽሐፍ” የሚሉት ነበራቸው። ይህ መጽሐፍ በወረቀት ላይ አልነበረም። እናትና አባት ለልጅ በቃል የሚያስጠኑት የመዝሙርና የጸሎት ስብስብ ነበር። ያለ ምንም የሙዚቃ መሣሪያ፣ ድምፅን ከድምፅ ጋር አዋሕደው ይዘምሩታል። ካናዳ ከገቡ በኋላ ቦንች ብሩየቪች የተባለ ሩሲያዊ ከአረጋውያን አፍ ሰምቶ ጻፈው፤ እ.ኤ.አ. በ1909 ታተመ። እርሱ ባይጽፈው ኖሮ ብዙው ከአረጋውያኑ ጋር ይቀበር ነበር።

በቃል ማስጠናታቸው የሚያስቀና ነው። የሰባት ቤት ጉራጌ አባቶችም በየጆካ ሸንጎ የሚዳኙበትን ሕግ በቃል ጠብቀው ለትውልድ አስተላልፈዋል። ዘዳግም ምዕራፍ 6 ወላጆችን በቤትና በመንገድ፣ ሲተኙና ሲነሡ ለልጆቻቸው እንዲናገሩ ያዛል። በዚህ ዱኮቦሮች ብዙዎቻችንን ያሳፍራሉ። በቤታችን ልጆቻችን የስልኩን ዘፈን በቃላቸው ይዘዋል፤ እኛ ያስጠናናቸው የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ግን ስንት ነው?

ችግሩ ግን ሕያው የሚሉትን መጽሐፍ ከተጻፈው የእግዚአብሔር ቃል በላይ ማስቀመጣቸው ነበር። በልብ ውስጥ ያለው ድምፅ የመጨረሻው ዳኛ ሲሆን የሚቀጥለው ጥያቄ “የማን ልብ?” የሚል ነው። መልሱም በታሪካቸው ታየ። የክርስቶስ መንፈስ በመሪው በተለየ መንገድ ያድራል የሚል እምነት በብዙዎቹ ዘንድ ሰፈነ። መሪነቱም በዘር የሚወረስ ሆነ፤ ከቬሪጊን በኋላ ልጁ፣ ከዚያም ዘሮቹ መሪዎች ሆኑ። ካህን አያስፈልግም ብሎ የተነሣ ሕዝብ ቃሉ የማይመረመር ሰው በላዩ አስቀመጠ።

ወገኖች ሆይ፣ ይህን ስንጽፍ ጣታችንን ወደ ካናዳ ብቻ አልቀሰርንም። ዛሬ በአገራችን አንዳንድ መድረክ ላይ የአንድ አገልጋይ ድምፅ ከመጽሐፉ በላይ ሲሰማ እናያለን። ምእመኑ መጽሐፍ ቅዱሱን ዘግቶ “እግዚአብሔር ተናገረኝ” የሚለውን ሰው ብቻ ያዳምጣል። በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 22 በኢዮስያስ ዘመን የሕጉ መጽሐፍ የተገኘው በቤተ መቅደሱ ውስጥ ነበር። ቤቱ ነበረ፣ ካህናቱም ነበሩ፤ መጽሐፉ ግን ተረስቶ ነበር። ትውልድን የሚያቆመው ተጽፎ የሚነበብ፣ ተነብቦም የሚመረመር ቃል ነው።

ሰይፍን መተውን ከተጻፈው ቃል የተማሩም አሉ። ሜኖናይቶች የሚባሉት ክርስቲያኖች እንደ ዱኮቦሮች መሣሪያ አንይዝም ብለው ብዙ ተሰደዋል፤ ነገር ግን አቋማቸውን ያቆሙት በክርስቶስ የተራራ ስብከት ላይ ነው። ከጣልያን ወረራ በኋላ ለእርዳታ ወደ አገራችን መጡ፤ በናዝሬትም ሆስፒታል ከፈቱ። ከዚያ ሥራ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተወለደች። በጥር 1974 ዓ.ም. ደርግ ቤተ ክርስቲያኒቱን ዘጋ፤ ንብረቷን ወረሰ፤ መሪዎቿንም ለዓመታት አሰረ። በተዘጋችበት ጊዜ አባላቷ 5 ሺህ ገደማ ነበሩ። ምእመናኑ በጥቂት በጥቂት እየሆኑ በየቤቱ ቃሉን አጠኑ። ደርግ ወድቆ በነጻነት ሲወጡ ከ30 ሺህ በላይ ሆነው ተገኙ። ሕንጻው በተወሰደበት ዘመን ቤተ ክርስቲያን የበዛችው ቃሉ በየጓዳው ስለ ተነበበ ነው።

ሙሉውን ታሪክ መንገር

ከዱኮቦሮች የምንማረው ሌላ ነገር አለ። ታሪካቸው ሁሉ የሰማዕትነት ታሪክ አይደለም። የነጻነት ልጆች የተባለ ክንፍ ከመካከላቸው ወጣ። እነዚህ ሰዎች ልብሳቸውን አውልቀው ሰልፍ ወጡ፤ የራሳቸውንና የሌሎችን ቤት፣ ትምህርት ቤትም ጭምር አቃጠሉ። ጠመንጃ ካቃጠሉ አባቶች የወጡ ልጆች የወንድሞቻቸውን ቤት አቃጠሉ። መንግሥትም በበኩሉ እ.ኤ.አ. ከ1953 እስከ 1959 ወደ 200 የሚጠጉ ልጆቻቸውን ከወላጆች ነጥቆ በኒው ዴንቨር በአዳሪ ቤት አኖረ። ወላጆች ልጆቻቸውን የሚያዩት በሽቦ አጥር በኩል ነበር። የብሪቲሽ ኮሎምቢያ መንግሥት እ.ኤ.አ. የካቲት 1 ቀን 2024 በካስልጋር ከተማ ይቅርታ ጠየቀ፤ 10 ሚሊዮን የካናዳ ዶላርም መደበ። ልጆቹ ያን ጊዜ አረጋውያን ሆነው ነበር፤ ይቅርታውን ሳይሰሙ የሞቱም አሉ።

የዳቦውን ምድጃ ብቻ አሳይቶ ይህን የሚዘል ሙዚየም ግማሽ ምስክር ይሆናል። መጽሐፍ ቅዱስ እንዲህ አያደርግም። የዳዊትን መዝሙር ሲሰጠን የዳዊትን ኃጢአትም ይነግረናል። የጴጥሮስን ስብከት የጻፈልን ቃል ክህደቱንም ጽፎልናል። የቤተ ክርስቲያናችንን ታሪክ ስንናገርም የታሰሩትንና የተገረፉትን ብቻ ሳይሆን የተጣላንበትን፣ የተከፋፈልንበትን፣ በወንድም ላይ ፊት ያዞርንበትን ጊዜ አንደብቅ። በቅርብ ዓመታት ዞናችን ግጭት አይቷል፤ ጎረቤት ከጎረቤት ተፈራርቷል። በዚያ ወቅት አማኞች ምን አደረጉ ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ነገ ይመጣል። የምንሰጠው መልስ እውነት መሆን አለበት።

የነሐሱ እባብ

አንዳንድ ወገኖች “ለወንጌል አማኝ ሙዚየም ምን ያደርግለታል?” ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ2ኛ ነገሥት 18፥4 ንጉሥ ሕዝቅያስ ሙሴ የሠራውን የነሐስ እባብ እንደ ሰባበረ እናነባለን። ያ እባብ እግዚአብሔር ያዘዘው፣ ብዙዎች አይተውት የዳኑበት ቅርስ ነበር። ሕዝቡ ግን ዕጣን ያጥኑለት ጀመር። ትናንት የዳንንበት ነገር ዛሬ ሊያስተን ይችላል።

መሳፍንት ምዕራፍ 2 ደግሞ ሌላውን ገደል ያሳየናል። ኢያሱና በዘመኑ የነበሩት ሽማግሌዎች ካለፉ በኋላ እግዚአብሔርንም ሥራውንም የማያውቅ ትውልድ ተነሣ። የጌልገላ ድንጋዮች በወቅቱ አልራቁም። ልጅ አልጠየቀም፣ አባትም አልመለሰም። አንዱ ገደል ቅርስን ማምለክ ነው፤ ሁለተኛው መርሳት ነው። ለእኛ አሁን የቀረበው ሁለተኛው ይመስለናል።

የእኛ አደራ

እናስብ። በደርግ ዘመን በወልቂጤ፣ በቡታጅራና በዙሪያቸው ባሉ ገጠሮች በሌሊት በየቤቱ የጸለዩ ወገኖች ዛሬ ዕድሜያቸው ገፍቷል። ያን ጊዜ 20 ዓመት የነበረው ወጣት አሁን ከ60 ዓመት አልፏል። መጽሐፍ ቅዱስን በእህል ጆንያ ውስጥ የደበቀች እናት፣ ከእስር ቤት ሆኖ መዝሙር የጻፈ ወንድም፣ ወላጆቹ ከቤት ያባረሩት ተማሪ በአገራችን በየአጥቢያው ነበሩ። ስማቸው በየትኛውም መዝገብ የሌለ ብዙ ናቸው። በየዓመቱ አንዳንዶቹን እንሸኛለን። በቀብር ላይ የሕይወት ታሪካቸው በአንድ ገጽ ይነበባል፤ ወረቀቱም ይጠፋል።

የጸሎት ቤቶቻችንም ይለወጣሉ። የጭቃው ቤት ፈርሶ በብሎኬት ይሠራል። ይህ የጌታ በረከት ነው፤ እናመሰግነዋለን። ነገር ግን የፈረሰው ቤት ፎቶ እንኳ የሌላት አጥቢያ ብዙ ናት። የኋላውን ሳያውቅ በአዲሱ አዳራሽ የሚያድግ ልጅ ቤተ ክርስቲያን ከድምፅ ማጉያና ከመድረክ ጋር የተፈጠረች ይመስለዋል።

ለዚህ ትልቅ ሕንጻና ትልቅ በጀት አንጠብቅ። ዱኮቦሮች ሙዚየማቸውን እስኪከፍቱ ድረስ ካናዳ ከገቡ 80 ዓመት አልፏቸው ነበር። እኛ ግን ያን ያህል የምንጠብቅበት ጊዜ የለንም። ለመስቀል የጉራጌ ልጅ ከአዲስ አበባም ከሩቅም ወደ አገሩ ይገባል። አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድ ቤት የሚገኙበት ጊዜ ነው። በኪሳችን ያለው ስልክ ድምፅ ይቀዳል። በዚያ ሰሞን አንድ ምሽት ከአያቶች አጠገብ ቁጭ ብለን እንጠይቃቸው፦ ጌታን እንዴት አወቃችሁ? መጀመሪያ የተሰበሰባችሁት በማን ቤት ነበር? ምን ዋጋ ከፈላችሁ? በጉራጊኛ የዘመራችሁት የመጀመሪያ መዝሙር የትኛው ነበር? በቋንቋቸው ይናገሩ፤ ሲያለቅሱም አናቋርጣቸው። ይሁንታቸውን ጠይቀን እንቅዳ፤ ቀኑንና ስማቸውን እንጻፍ።

በየአጥቢያውም አንድ ሣጥን ይኑር። የድሮ ፎቶ፣ የእስር ቤት ደብዳቤ፣ በእጅ የተገለበጠ የመዝሙር ደብተር፣ የተቀዳደደ መጽሐፍ ቅዱስ ይቀመጥበት። የሰንበት ትምህርት መምህራን በዓመት ጥቂት ጊዜ ሣጥኑን ለልጆች ይክፈቱ። ልጅ ደብተሩን ሲነካ “ይህ ምንድን ነው?” ብሎ ይጠይቃል። ያን ጊዜ የሚመልስ ሰው አጠገቡ ይኑር፤ መልሱም ሰዎችን ከፍ ከፍ በማድረግ ሳይሆን የጠበቃቸውን ጌታ በማክበር ይደምደም። ዕብራውያን 13 ቃሉን የነገሩንን እንድናስብ ካሳሰበ በኋላ ወዲያው የሚያሳየን የማይለወጠውን ኢየሱስ ክርስቶስን ነው።

ታሪክን መቅዳት ልጆቻችንን ዳግመኛ አያስወልድም። ይህ የመንፈስ ቅዱስ ሥራ ነው። ነገር ግን እኛ የታዘዝነውን ብንተው ልጁ በባዶ አዳራሽ ውስጥ እንዲጠይቅ እንተወዋለን። በዚህ ሳምንት ከአጥቢያችሁ አንድ አረጋዊ አባት ወይም አንዲት አረጋዊት እናት ለዩ፤ ቀን ያዙ፤ ሂዱና ስሙ። ለነገ አንበለው።

የአባቶቻችን አምላክ የሚናገር አፍና የሚሰማ ልብ ይስጠን። ለሚጠይቁን ልጆችም እውነተኛውን መልስ በአፋችን ያኑር። አሜን።